አሜን ያለ ሁሉ

ዘካርያስ፦ በሩን አትዝጋው አልኩህ!

ደምሌ፦ ዶሮዋ ትገባለቻ!

ዘካርያስ፦ ትግባ! እንግዳ መጥቶ በር ተዘግቶ ቢያገኝ ምን ይላል?

ደምሌ፦ ምን ይላል፣ ያንኳኳላ።

ዘካርያስ፦ የማኅበር ቤት አይንኳኳም! ተክለ ሃይማኖትን በር ዘግቶ የሚዘክር ሰው የት አየህ? ክፈተው!

ደምሌ፦ (እየከፈተ) ከፈትኩ። ይኸው ዶሮዋም ገባች። እንኳን ደህና መጣሽ እቱ፣ የመጀመሪያዋ እንግዳ አንቺ ነሽ።

(በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ከዘካርያስ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይህን የነገረን ራሱ ዘካርያስ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ይሠራል፤ ገና ሚስት አላገባም። ዕለቱ የ2010 ዓ.ም. ጥር ተክለ ሃይማኖት ነው፤ የነነዌ ጾም ወጥቶ ሰው ሁሉ ወጥ ወጥ ያለው ቀን። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ድፎው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እህቱ መሠረት የበጉን ወጥ ሠርታለት ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሁሉ ነገር ሞልቷል፤ የጎደለው ሰው ብቻ ነው። ቀትር ካለፈ ቆየ፣ ከማኅበርተኛው አንድም አልመጣም። ያለው ደምሌ ነው። ደምሌ አብሮ አደጉ ሲሆን መናኸሪያ ጭነት ይጭናል፣ ያወርዳል። ከገባ ጀምሮ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ዘካርያስ ደግሞ ይዘጋበታል።)

ደምሌ፦ ዘኬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት...

ዘካርያስ፦ ቆይ። መጀመሪያ ያቺን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋት። የጋሼ ጌታነህ ናት።

ደምሌ፦ ጋሼ ጌታነህ እኮ...

ዘካርያስ፦ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ አውቃለሁ። ትራስ አድርግበት።

ደምሌ፦ ወገባቸውን አላልኩም፣ እሳቸው አሁን...

ዘካርያስ፦ አሁን መንገድ ላይ ናቸው! ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ደምሌ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ገብቶሃል? ዛሬ የምመኛት የሕይወት አባት ከዚህች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጠላዬን ይቀምሳሉ። ቤቴን ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ከዚያ አባ ተክለ ማርያም ጸበል ጸዲቁን ባርከው ሲያበቁ፣ “ጌታነህ ሆይ፣ ይህ ልጅ ቤቱ ሙሉ ነው፤ የጎደለችው ሚስት ብቻ ናት፤ ልጅህን ስጠው” ይሏቸዋል። ከአባ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። በማኅበርተኛ ፊት፣ በጻድቁ ቀን እምቢ ማለት ይችላሉ?

ደምሌ፦ አይችሉም። ግን...

ዘካርያስ፦ ግን የለም! ዛሬ ሰው ከቀረብኝ ግን አለቀልኝ። ማኅበር ደግሶ ሰው የቀረበት ሰው ለዚህች ከተማ የዓመት ወሬ ነው። ማን ልጁን ይሰጠዋል?

ደምሌ፦ (ራሱን እያከከ) እና ሰዉ ዛሬ ያንተ ቤት መሆኑን በምን ያውቃል?

ዘካርያስ፦ (እንደዚያ ብሎ እስኪጠይቀው ነበር የጠበቀው) እሰይ! ዛሬ ገና ቁም ነገር ጠየቅህ። ድሮ እንዴት ነበር ተረኛው የሚታወቀው?

ደምሌ፦ ጽዋዋን የተቀበለ ነዋ። አባ ሲሰጡት አሜን ብሎ ተቀብሎ፣ ይዟት ቤቱ ይገባል፤ በወሩ ይደግሳል።

ዘካርያስ፦ ኋላ ቀርነት! እኔ ጽዋዋን ቅርስ ናት ብዬ ወስጄ እነሆ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። አሁን የተረኞቹ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ነው። የጋራ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። በላዩ ላይ ደግሞ ኦቶሜሽን ሠራሁበት።

ደምሌ፦ እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?

ዘካርያስ፦ ሰው አይደለም! ማንም ሳይነካው ሥራውን በራሱ የሚሠራ ነገር ነው።

ደምሌ፦ ደመወዙስ?

ዘካርያስ፦ የለውም።

ደምሌ፦ ምሳውስ?

ዘካርያስ፦ አይበላም አይጠጣም።

ደምሌ፦ ታዲያ የማይበላ የማይጠጣ ሰው ማኅበር ውስጥ ምን አገባው?

ዘካርያስ፦ ሰው አይደለም አልኩህ እኮ! ስማኝ። ወሩ ሲቃረብ ለማኅበርተኛው ሁሉ ግሩፑ ላይ መልእክት ይለቃል። ሰው ሲመልስ መልሱን ያነባል። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ለሰውየው ለብቻው፣ በግሉ፣ “እንኳን ደስ አለዎት፣ ተረኛው እርስዎ ነዎት” ብሎ ይልክለታል። ማን ነካው? ማንም!

ደምሌ፦ ማንም?

ዘካርያስ፦ ማንም! በራሱ!

ደምሌ፦ ወይ ጉድ! እና መልእክቱ ምን ይላል?

ዘካርያስ፦ (ስልኩን አውጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ) “የጻድቁ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት በረከት ይደርብን። ከክፉ ነገር ይሰውረን። ልጆቻችንን ያሳድግልን፣ ከብቶቻችንን ይጠብቅልን። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን። የጥር ተረኛ የሚሆን ሰው አሜን ይበል።”

ደምሌ፦ አሜን! አሜን!

ዘካርያስ፦ አንተ አትበል!

ደምሌ፦ ምነው?

ዘካርያስ፦ አይቆጥርልህማ! ስልክህ ቁልፍ የሚጫን ባለ ባትሪ ነው። ኢንተርኔት ላይ የለህም። ዝርዝሩ ውስጥም አላስገባሁህም።

ደምሌ፦ (ቅር ብሎት) አላስገባኸኝም? አባቴ ደምሰው ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ነበር እኮ።

ዘካርያስ፦ አትቀየም፣ ስልክ ስትቀይር ትገባለህ። እና መልእክቱ እንደወጣ መጀመሪያ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜ አንደኛ ረድፍ ላይ ቁጭ አለ። አየህ? “አንድ፣ ዘካርያስ።”

ደምሌ፦ ሌላ ሰው አሜን አላለም?

ዘካርያስ፦ እኔ ብዬ የለ እንዴ! ለምን ይላል?

ደምሌ፦ ልጆቻችንን ያሳድግልን ተብሎ ዝም አለ? የእስቴ ሰው? ከብቶቻችንን ይጠብቅልን ተብሎ?

ዘካርያስ፦ ምርቃቱን እኔ ፈልጌ አላስገባሁትም፤ ጋሼ ጌታነህ “የማኅበር ነገር ያለ ምርቃት አይጻፍም” ብለው ስላስጨነቁኝ ነው። ይህ የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው ደምሌ፤ አንተ ትራሱን አስተካክል።

(ደምሌ ትራሱን አስተካከለ። ዶሮዋ ወንበሩ ላይ ወጥታ ትራሱ ላይ ተቀመጠች። ዘካርያስ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አየ። ጭር ብሏል። ማንንም ፈርቶ ስለማያውቅ ዶሮዋን ተቆጣ።)

ዘካርያስ፦ ውረጂ ከዚያ! ዛሬ ለዚህ ድግስ ያወጣሁትን ብታይ ዶሮ አትሆኝም ነበር! በጉንስ ብትል ደምሌ፣ በስንት መከራ ነው ያገኘሁት። ባለፈው ገበያ በግ የሚባል ጠፍቶ ነበር።

ደምሌ፦ አዎ፣ እኔም ተሸክሜ ደክሞኛል። ሁሉም ሰው በግ ሲገዛ ዋለ። ለእትዬ ላቀች አደረስኩ፣ ለወርቅነህ አደረስኩ፣ ለአባም...

ዘካርያስ፦ ኢኮኖሚው ነው። ሰው ከጾም ሲወጣ የፍላጎት ጫና ይፈጠራል።

ደምሌ፦ ጋሼ ጌታነህማ በግ አልበቃ ብሏቸው ወይፈን...

ዘካርያስ፦ ኢኮኖሚው ነው አልኩህ!

ደምሌ፦ እሺ፣ ኢኮኖሚው ወይፈን ገዛ።

ዘካርያስ፦ (ያልሰማ መስሎ) ለነገሩ ጋሼ ጌታነህ ቢዘገዩም ሕይወት ትገፋፋቸዋለች። እሷ ከእኔ አታልፍም። በየማለዳው ሰላም እላታለሁ፤ አንድ ቀን አዛብቼ አላውቅም።

ደምሌ፦ በየማለዳው? አንተ እኮ ማለዳ አትነሳም።

ዘካርያስ፦ ማን ተነሳ? ኦቶሜሽኑ ነዋ! ልክ ፀሐይ ስትወጣ “እንደምን አደርሽ የኔ አበባ” ይላታል። ስትመልስ ደግሞ “ቀንሽ ይፍካ” ይላታል። እኔ እንቅልፌ ላይ ነኝ፣ ፍቅሬ ሥራ ላይ ነው።

ደምሌ፦ ምንም ብትመልስ “ቀንሽ ይፍካ” ይላታል?

ዘካርያስ፦ ምንም ብትመልስ!

ደምሌ፦ እናቷ የታመሙ ጊዜስ?

ዘካርያስ፦ እ... ያኔ “እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰቃይ አደረች” ብላ ጻፈች።

ደምሌ፦ እና?

ዘካርያስ፦ “ቀንሽ ይፍካ” አላት። ከነአበባው ሥዕል።

ደምሌ፦ ኧረ በተክለ ሃይማኖት!

ዘካርያስ፦ ምን አለበት? መልካም ምኞት ነው! ከዚያ ወዲህ አልመለሰችልኝም፤ እሱ የኔትወርክ ችግር ነው።

ደምሌ፦ እኔ ያን ቀን እናቷን አዝዬ ነው የደብረ ታቦር መኪና ውስጥ ያስገባኋቸው። ለሕይወትም ከጎናቸው ወንበር ያዝኩላት። ስታለቅስ የምላት ጠፍቶኝ አብሬያት አለቀስኩ።

ዘካርያስ፦ አየህ ኋላ ቀርነት? ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ጠዋት ማጥፋት! በል አሁን ዝም በል፣ ለማኅበርተኞቹ ልደውል ነው።

ደምሌ፦ አትደውል፣ እኔ ልንገርህ፤ የመጣሁት እኮ...

ዘካርያስ፦ እሽሽ! (ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ) ሃሎ? እትዬ ላቀች? ዘካርያስ ነኝ። ምነው ቀሩ?... እንዴት? እኔ ነኝ የቀረሁት?... ሃሎ? ሃሎ? (ስልኩን እያየ) “አንተ ነህ እንጂ የቀረኸው፣ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው” ብላ ዘጋችብኝ!

ደምሌ፦ እውነቷን ነው።

ዘካርያስ፦ የምን እውነት! የኔ ወጥ መቀዝቀዙን ከቤቷ ሆና በምን አወቀች? ወርቅነህ ጋ ልደውል። ሃሎ ወርቅነህ? የት ናችሁ?... ማንን ነው ሰው የሚጠብቀው? እኔን? እኔ ነኝ እንጂ የምጠብቀው!... ምን ትስቃለህ?... ሃሎ! (ስልኩን አውርዶ) ሳቀብኝ ደምሌ! ከኋላው ደግሞ ብዙ ሰው ይንጫጫል። ሌላ ድግስ ላይ ናቸው! ጥለውኛል! አድመውብኛል!

ደምሌ፦ አላደሙብህም። ሰዉ ያለው...

ዘካርያስ፦ አባ! አባ አይዋሹም። (ይደውላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሃሎ፣ አባቴ፣ ይፍቱኝ። እንደምን ዋሉ? ይምጡልኝ እንጂ፣ እየጠበቅሁዎት ነው... ኧ?... አይ፣ ቤቴ ነኝ... ምን አገኘህ ነው የሚሉኝ? ምንም አላገኘኝ... አባ? አባ! (ወደ ደምሌ ዞሮ) “የተላከብህ ሰው አልደረሰም ወይ?” ብለው ዘጉት። ማን ነው የተላከብኝ? ፖሊስ?

ደምሌ፦ እኔ።

ዘካርያስ፦ አንተ ዝም በል! ዝርዝሩን ልክፈተው። መቼም ዝርዝሩ አይዋሽም። ይኸው፣ አንድ፣ ዘካርያስ። (ጣቱ ስልኩን ወደ ታች ገፋ) ሁለት... ሁለት አለው እንዴ? ሁለት፣ ላቀች፣ አሜን። ሦስት፣ ወርቅነህ፣ አሜን አሜን። አራት፣ አባ ተክለ ማርያም፣ አሜን ወአሜን። አምስት፣ ጋሼ ጌታነህ፣ “አሜን፣ አንተንም ይባርክህ ልጄ”... (መግፋቱን ቀጠለ፤ ዝርዝሩም ቀጠለ) ኧረ ወየው! ኧረ ወየው ደምሌ!

ደምሌ፦ ምን ሆንክ?

ዘካርያስ፦ ሁሉም አሜን ብሏል! ማኅበርተኛው በሙሉ! ኦቶሜሽኑም ለእያንዳንዱ “ተረኛው እርስዎ ነዎት” ብሎ ልኮለታል! ዛሬ ሁሉም ሰው ደግሶ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንግዳ ይጠብቃል!

ደምሌ፦ አላልኩህም? ልጆቻችንን ያሳድግልን ተብሎማ ዝም አይባልም።

ዘካርያስ፦ ግን ሁለት ቃል ለምን አይነጋገሩም? “ተረኛው እኔ ነኝ” አይባባሉም?

ደምሌ፦ ጻድቁን ልዘክር ነው ብሎ ማን ይፎክራል? ውዳሴ ከንቱ ነው። ደግሞ የደረሰህን ጽዋ ለምን ደረሰኝ አይባልም። እያንዳንዱ “ጻድቁ መረጠኝ” ብሎ፣ ዝርዝርህንም ሳያይ፣ ዝም ብሎ ጠላውን ጠመቀ።

ዘካርያስ፦ አቁም ማለት ነበረብኝ! አንድ ሰው ከመዘገብክ በኋላ አቁም ማለት ረሳሁ!

ደምሌ፦ በሬ እንኳ ትልሙ ሲያልቅ ይቆማል።

ዘካርያስ፦ በሬ አይደለማ! ያላሉትን አያደርግም!

ደምሌ፦ ያሉትንስ?

ዘካርያስ፦ ያሉትን ሁሉ ያደርጋል!

ደምሌ፦ እንግዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

(ዘካርያስ ዶሮዋን በነጠላው ጫፍ አባረራት። ከዚያ የጋሼ ጌታነህ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ወጥ፣ ያ ሁሉ ጠላ፣ ያ ሁሉ አግዳሚ። እውነቱን ለመናገር እንባው መጥቶ ነበር።)

ዘካርያስ፦ በል ብላ ደምሌ። አንተ እንኳ ብላልኝ። በጉ በከንቱ አይሙት።

ደምሌ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠግቤያለሁ።

ዘካርያስ፦ (ደንግጦ ቀና አለ) ምን አልክ?

ደምሌ፦ ጠገብኩ።

ዘካርያስ፦ አንተ? ደምሌ? ጠገብኩ? ታመሃል?

ደምሌ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወርቅነህ ቤት ዱለት በላሁ። እትዬ ላቀች ጋ ቅቅሉን በላሁ። አባም ቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ቢያዩኝ ጎትተው አስገቡኝ። እምቢ እንዳልል ሰዎቹ ያሳዝናሉ! ዝርዝሩ ውስጥ የሌለሁት እኔ ብቻ፤ የማኅበሩ እንግዳ እኔ ብቻ። ዕድሜ ላንተ።

ዘካርያስ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው እዚህ ቁጭ ብለህ ትራስ የምታስተካክለው?!

ደምሌ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር “ኢኮኖሚው ነው” ትለኛለህ!

ዘካርያስ፦ (በቀስታ) ጋሼ ጌታነህስ?

ደምሌ፦ ልነግርህ የመጣሁትማ ስለ እሳቸው ነው። በደጃቸው ሳልፍ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። “ደምሌ፣ ሰው ምን በደልኩት? ወይፈን ጥዬ የሚበላልኝ አጣሁ” አሉኝ። ገባሁላቸው። አንድ ሰው አገኘሁ ብለው አቀፉኝ። “ጋሼ፣ ሌላውም ቤት እኮ እንዲሁ ነው” ብላቸው ቶሎ ገባቸው። “እንግዲያ ሁሉም ድስቱን ይዞ እኔ ቤት ይምጣ” አሉ።

ዘካርያስ፦ እና አንተ ከቤት ቤት እየዞርክ ነገርክ?

ደምሌ፦ ምን አዞረኝ? ለእትዬ ላቀች ብቻ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ማን ነካው? ማንም! በራሱ ለሁሉም ደረሰ።

ዘካርያስ፦ (ብድግ አለ) እና አሁን ሁሉም እዚያ ናቸው?

ደምሌ፦ ሁሉም። ስትደውል የሳቁብህ በክፋት አይደለም። “ዘካርያስን ጥራው፣ ጽዋዋንም ይዞ ይምጣ” ተብዬ ነው የመጣሁት።

ዘካርያስ፦ (ፊቱ በራ) አባ አሉ?

ደምሌ፦ አሉ።

ዘካርያስ፦ ጋሼስ ደስ ብሏቸዋል?

ደምሌ፦ ኧረ በጣም! ሲጫወቱ ነው የተውኳቸው።

ዘካርያስ፦ ታዲያ ምን አስቀመጠን! ይህማ ይበልጥ ጥሩ ነው! ጉዳዬ እዚያው በቤታቸው ይነሳላ! (ጽዋዋን ከመደርደሪያው አውርዶ አቀፋት፤ ነጠላውን አጣፋ) እንሂድ እንጂ!

ደምሌ፦ እሱ ጉዳይ እንኳ ተነሥቷል።

ዘካርያስ፦ የሕይወት ጉዳይ? ማን አነሣው?

ደምሌ፦ ጋሼ ራሳቸው።

ዘካርያስ፦ ለእኔ?

ደምሌ፦ ለእኔ።

(ዘካርያስ አንድ እግሩ ከደጃፉ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ እንደሆነ ቀረ።)

ዘካርያስ፦ ...ለአንተ እንዴት?

ደምሌ፦ በልቼ ስነሣ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። “ሰው በጠፋበት ቀን ቤቴን እንደሞላህልኝ፣ እግዚአብሔር ቤትህን በልጄ ይሙላልህ” አሉ። እኔ ደንግጬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሕይወት ጠላ ልትቀዳልኝ ከጎኔ ቆማ ነበር። እግሬን በኃይል ረገጠችኝና “አሜን በል እንጂ!” አለችኝ።

ዘካርያስ፦ አንተስ?

ደምሌ፦ አሜን አልኳ! አሜን ያለ ይመዘገባል አላልከኝም?

ዘካርያስ፦ አሁን እኮ ነው ያልኩህ! ያኔ አልነገርኩህም!

ደምሌ፦ ሳትነግረኝም ሠራ። በራሱ ነው።

(ዘካርያስ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ ግን በማን? በእትዬ ላቀች? በኔትወርኩ? በልቡ ያቺን ከነአበባ ሥዕሏ የሄደች መልእክት አስታወሳትና ፊቱ ቀላ። ደምሌ ግን ምንም ክፋት የሌለበት ሰው ነው፤ ጓደኛው ማዘኑን አይቶ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።)

ደምሌ፦ አትዘን ዘኬ። ካንተ የሚቀርበኝ ማን አለ? አብረን ነው ያደግነው። እግዚአብሔር በሰርጌ ቀን ከጎኔ የምትቆም፣ ዘፈን የምታወጣልኝ፣ የማታሳፍረኝ ሚዜ ያድርግልኝ።

ዘካርያስ፦ (ከልማድ) አሜን! (ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ)

ደምሌ፦ ተመዘገብክ። በል ድስቱን አንሣ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።